ኢንተርኔት ቢጠፋም ፊልሙ አይቆምም፦ ጄሊፊን በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ባሕር ዳር ላይ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ቤታችሁ ውስጥ በሀርድ ዲስክ፣ በፍላሽና በሲዲ የተበታተነ ፊልም ካለ፣ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ጄሊፊን ጭናችሁ ለቤቱ ሰው ሁሉ አዳርሱት። እኔ ለመዝናኛ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ ያረካኝ የለም። በተለይ ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው። ሌላ ቦታ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ምስል ጥራት ይሆናል። እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መብራት ሲሄድስ? ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? እኔም የመዘንኩት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ጄሊፊንን ለማያውቀው፣ ሰርቨር የሚባል ዓይነት ፕሮግራም ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ፊልሞቻችሁ ያሉበትን ፎልደር ታሳዩታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ፖስተሩን፣ የተዋናዮቹን ስምና አጭር ታሪኩን ፈልጎ በወጉ ይደረድርላችኋል። ከዚያ ሳሎን ያለው ቲቪ፣ መኝታ ቤት ያለው ታብሌት፣ የልጆቹ ስልክ ሁሉም ከዚያ አንድ ቦታ ያያሉ። ሳሎን ጀምራችሁ ያቋረጣችሁትን መኝታ ቤት ገብታችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ «ይሄንን ለማግኘት ክፈሉ» የሚል ነገር የትም ቦታ አይመጣባችሁም። የተወለደውም ከዚሁ ጉዳይ ነው። ኤምቢ የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ለሕዝብ ሲዘጋ፣ ነገሩ ያልተዋጠላቸው ሰዎች የመጨረሻውን ክፍት ቅጂ ወስደው በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ። እስከ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምላቸው ሰውዬ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን እኛ ፊልም ስናይ አይተው «ደሞ እናንተ ከየት አመጣችሁት?» አሉኝ። «ከውጭ አይደለም ጋሼ፣ ከዚህ ከላፕቶፑ ነው የሚመጣው» ስላቸው አላመኑኝም። ብዙ ሰው እንደሳቸው ነው የሚያስበው፤ ኢንተርኔት ከሄደ ዋይፋዩም የሄደ ይመስለዋል። ራውተሩ ግን ሁለት ሥራ ነው ያለው። አንዱ የውጩን መስመር ወደ ቤት ማስገባት ነው። ሌላው ቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርስ ማገናኘት። የውጩ መስመር ቢሞት ሁለተኛው ሥራ አይቆምም፤ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ቲቪው ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል፣ ከፓኬጃችሁም አንዲት ሜጋባይት አትቆረጥም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረበትን ወቅት ያሳለፈ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግረውም።

ፕሌክስ (ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም) ወይስ ጄሊፊን የሚለውን ክርክር የምዘጋውም በዚሁ ነው። ፕሌክስ ያምራል፣ ለቲቪ ያለው አፕም ብዙ ነው፣ ለጀማሪ ይቀላል። ነገር ግን ሲሠራ አካውንት ይፈልጋል፣ አካውንቱ ደግሞ የሚረጋገጠው ውጭ ባለ ሰርቨር ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ለመጠቀም ቀድማችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የቤታችሁን ኔትወርክ ያለ ማረጋገጫ ፍቀድ ማለት አለባችሁ። ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ፊልም ማየትም እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ የሚከፈልበት ሆኗል። ጄሊፊን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርዱን የሚያስቀምጠው እዚያው እናንተ ቤት ነው። ማንንም አይጠይቅም። ኮዲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራምስ? ጥሩ ነው፣ ግን በዋናነት ለአንድ ቲቪ የተሠራ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሦስት አራት ሰው በየራሱ ስልክ የሚያይ ከሆነ ብቻውን አይበቃም።

ለምን ላፕቶፕ አልኩ? ባትሪ ስላለው። ዴስክቶፕ ያለው ሰው መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይጠፋበታል፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ለብቻው ይገዛል። ላፕቶፕ ግን ደከም ያለ ባትሪ እንኳ ቢኖረው መብራት ሄዶ እስኪመጣ ያለችውን አጭር ጊዜ ያሻግራል፤ ጎበዝ ባትሪ ካለው ደግሞ ፊልሙን ያስጨርሳል። የምትገዙት ባለ ኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ከ7ኛ ትውልድ በታች አትውረዱ። ምክንያት አለኝ። አሁን የሚወጡ ፊልሞች ብዙዎቹ ሄቪክ (HEVC) በሚባል ፎርማት ነው የሚታሸጉት፤ ባለ 10 ቢቱን፣ ማለትም የቀለም ደረጃው የበዛውን ሄቪክ፣ ቺፑ ራሱ ሳይጨናነቅ የሚፈታው ከ7ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ትውልዱን ለማወቅ የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። i5-7200U ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 7 ነው ትውልዱ። i5-8250U ከሆነ 8። ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ሊያስደምማችሁ ይችላል፤ አይ 7 ማለትና 7ኛ ትውልድ ማለት ጭራሽ የተለያዩ ናቸው። 4ኛ ትውልድ አይ 7 ገዝቶ ከመግባት 8ኛ ትውልድ አይ 3 ለዚህ ሥራ በጣም ይሻላል። ራም 8 ጊጋ ይበቃል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ኪቦርዱ የማይሠራ ላፕቶፕ ካገኛችሁ በርካሽ ያዙት፤ ክዳኑ ተዘግቶ ነው የሚኖረው፣ ለመጫን ብቻ ማውስና ኪቦርድ ሰክታችሁ ከቲቪው ጋር በኤችዲኤምአይ ታገናኙታላችሁ። ብቻ ባትሪው ያበጠ እንዳይሆን። ከታች በኩል ያለው ሽፋን ቆልመም ካለ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተወዛወዘ ተዉት፣ ያ ባትሪ አደጋ ነው።

ከገባ በኋላ ሁለት ሴቲንግ አትርሱ። ክዳኑ ሲዘጋ «ምንም አታድርግ» እንዲል፣ እንዲሁም እንቅልፍ እንዳይወስደው። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ስለሚውል ደግሞ ባትሪውን 80 ፐርሰንት ላይ የሚያቆም አማራጭ ካለው አብሩት። ቦታም ምረጡለት። በሚያዝያ ሙቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ አይሆንም። ማታ ደግሞ ለሐይቁ ቅርብ የሆነ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያ ብርሃን ፈልጎ የሚመጣ ጥቃቅን ነፍሳት። ፋኑ ውስጥ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ አየር ይዘጋል። መስኮት ሥር አታድርጉት፣ አልፎ አልፎም አስከፍታችሁ አስጠርጉት።

ሀርድ ዲስክ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይሄንን ያዙ። ትንሹን፣ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚወስደውን ባለ 2.5 ኢንች ግዙ። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች በጊጋባይት ሲሰላ ይረክሳል፣ ግን የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር አለው፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ዲስኩ ግን ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ይጠፋል። እንዲህ ተደጋግሞ የጠፋ ዲስክ አንድ ቀን «ፎርማት ላድርግህ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ሻጩ 2 ቴራ ብሎ የሸጠላችሁ ዊንዶውስ ላይ 1.81 ብሎ ቢያሳያችሁ አልተታለላችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ማታለል የሚባለው ሌላ ነው፤ 2 ቴራ ፍላሽ ተብሎ በማይመስል ዋጋ የሚሸጥ ነገር አለ። ውስጡ ያለው ትንሽ ሚሞሪ ነው፣ ትልቅ መስሎ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ፤ ፊልሙን ትገለብጣላችሁ፣ ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት የለም። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዕቃውን ሙሉ ጽፎ መልሶ ያነባል፣ እውነቱን ያወጣል። ሰዓታት ይፈጃል። ቢፈጅም ፊልማችሁን ከመጫናችሁ በፊት አስደርጉት። በነገራችን ላይ በአማካይ 4 ጊጋ የሚሆን ፊልም ከያዛችሁ 2 ቴራ ላይ ወደ 450 ፊልም ይገባል። ለቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ ራውተሩ። ሰው ለላፕቶፑና ለቲቪው ያስባል፣ ራውተሩን ይረሳል። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ራውተሩ ከጠፋ ማንም ምንም አያይም። ለራውተር ተብላ የምትሸጥ ሚኒ ዩፒኤስ አለች፣ እጅ መዳፍ የምታክል፣ 12 ቮልት የምታወጣ። ራውተራችሁ 12 ቮልት ይሁን 9 ቮልት ከአዳፕተሩ ጽሑፍ ላይ አንብባችሁ ተመሳሳዩን ግዙ። እሷ ካለች መብራት ሲሄድ ቲቪው ብቻ ነው የሚጠፋው፤ ቤተሰቡ ታብሌት ይዞ ይሰበሰባል፣ ፊልሙ ከቆመበት ይቀጥላል። በክረምት ነጎድጓድ ሲበዛ ግን ስታብላይዘር አለኝ ብላችሁ አትታመኑ፤ መብረቅ ሲቀርብ ከሶኬት መንቀል ነው። የስልክ መስመር ከራውተሩ ጋር የተገናኘ ከሆነ እሱንም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገርም ሌላ ችግር አለ፣ ብዙ ሰው «አፑ ተበላሸ» የሚለው ይሄንን ነው። ራውተሩ ሲነሳ ለላፕቶፑ አዲስ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ዛሬ 192.168.1.8 ይሆናል፣ ቲቪው ግን አሁንም የትናንቱን በር ያንኳኳል። መፍትሔው ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ መመደብ ነው። አንዴ ነው የሚደረገው። ከዚያ በኋላ በማንኛውም ስልክ ብራውዘር ላይ ያንን አድራሻ ጽፋችሁ በስተመጨረሻው :8096 ብትጨምሩ ጄሊፊን ይከፈታል።

ከተቻለ ቲቪውንም ላፕቶፑንም በኬብል አገናኙ። የብሎኬት ግድግዳ ዋይፋይ ይበላል፤ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ይደክማል፣ 2.4ቱ ይደርሳል ግን የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር የተጨናነቀበት ነው። ካት 5 ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለችግር ይሄዳል፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤትም ይደርሳል።

አሁን «ለምን ይቆራረጣል?» ለሚለው። ጄሊፊን ፊልሙን በዋናነት በሁለት መንገድ ነው የሚልከው። ቲቪው የፊልሙን ፎርማት ካወቀው እንዳለ ይልክለታል፤ ላፕቶፑ ምንም አይደክም። ካላወቀው ግን ላፕቶፑ መሀል ላይ ተቀምጦ እንደ አስተርጓሚ እያንዳንዱን ቅንጣት እየለወጠ ነው የሚያቀብለው፣ ያኔ ነው ፋኑ እንደ ጉድ የሚጮኸው። ከላይ ስለ 7ኛ ትውልድ ያስጨነቅኳችሁ ለዚች ሰዓት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኩዊክ ሲንክ የሚባለውን፣ ኢንቴል ቺፑ ውስጥ ያስቀመጠውን የቪዲዮ መለወጫ ካላበራችሁት ግን ያ ሁሉ ቺፕ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰብታይትልም ያደክመዋል። ኤስአርቲ የሚባለው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ለብቻው ይላካል፤ ከዲቪዲ የወጣው ግን ሥዕል ነው፣ ብዙ ጊዜ ምስሉ ላይ መታተም ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሙሉ ፊልሙን እንደገና ማስለወጥ ነው። የአማርኛ ሰብታይትል ካላችሁ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሴቭ አድርጉት፣ አለበለዚያ ፊደሉ ይዝረከረካል። በደንብ ሴቭ ሆኖም ቲቪው ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ከታየ ቲቪው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ አንድሮይድ ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቦክስ ላይ ይሄ ችግር ብዙ ጊዜ አይገጥማችሁም።

ወደ አማርኛ ፊልም ስንመጣ ጄሊፊን እጅ ያጥረዋል፣ እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። መረጃውን የሚያመጣው ከውጭ የመረጃ ቋት ነው፣ እዚያ ደግሞ የኛ ፊልም ጥቂት ነው። ያለውም በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ነው የተመዘገበው። በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱ አለ። ፊልሙ ሽፋን ላይ 2003 ዓ.ም. ካለ ፈረንጁ ዘንድ 2010 ወይም 2011 ነው፤ ጄሊፊን በፋይሉ ስም ቅንፍ ውስጥ ያለውን ዓመት ይዞ ስለሚፈልግ፣ 2003 ብላችሁ ከጻፋችሁ ወይ ምንም አያመጣም ወይ የማይመለከተውን የውጭ ፊልም ፖስተር ይለጥፍባችኋል። ለቋቱ ስትሉ በፈረንጁ ጻፉት። ካልተገኘ በእጅ መሙላት ነው፤ ስሙን፣ ዓመቱን፣ የተዋናዮቹን ስም፣ የሲዲውን ሽፋን በስልክ አንስታችሁ ፖስተር ማድረግ። አሰልቺ ይመስላል ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ስናደርገው ደስ የሚል ሥራ ሆኖ አገኘሁት፣ «ይሄን እኮ አላየነውም» እየተባለ። መረጃውንና ምስሉን ከፊልሙ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጥ የሚያዘውን ምልክት ቀድማችሁ አድርጉ፤ ነገ ላፕቶፑ ቢሞት ልፋታችሁ ከዲስኩ ጋር ይተርፋል።

ፍለጋውም ሌላ ጣጣ አለው። በ«ሠ» ያስቀመጣችሁትን «ሠርግ» አንድ ሰው በ«ሰ» ቢፈልገው አይወጣለትም። «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሀ» እና «ሐ» ያው ነው። እኔ ርእሱን አንድ ዓይነት አድርጌ፣ ሌላውን አጻጻፍ በ«ኦሪጅናል ታይትል» ቦታ ላይ እጽፈዋለሁ።

ልጆች ላለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስም መክፈትና በዕድሜ መገደብ ይቻላል፣ ግን ገደቡ የሚሠራው ፊልሙ ላይ ደረጃ ከተጻፈ ነው። ደረጃ የሌለውን ሁሉ ከልክል ካላችሁት የአማርኛው ፊልም በሙሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «የልጆች» የሚል ፎልደር ለብቻው አድርጋችሁ ለልጆቹ እሱን ብቻ ክፈቱላቸው። ይሄ ከሁሉም ይሻላል።

የሠርጉን ቪዲዮ ነገር ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ለእኔ የዚህ ሁሉ ልፋት ዋጋ እሱ ነው። በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ የሠርግ፣ የምርቃት፣ የክርስትና ዲቪዲና ቪሲዲ አለ፤ ማጫወቻው ግን ተበላሽቷል ወይ ተሸጧል። ዲስኩም በየዓመቱ እየተጫረ፣ በእርጥበቱም እየላላ ነው። የዲቪዲ ድራይቭ ያለው ሰው ፈልጋችሁ አስገልብጡት። ሜክኤምኬቪ የሚባለው ፕሮግራም ዲቪዲውን ጥራቱን ሳይነካ እንዳለ ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ከ4.7 ጊጋ አይበልጥም፣ ለማሳነስ ብላችሁ አታበላሹት። ቪሲዲ ደግሞ ሲከፈት «MPEGAV» የሚል ፎልደር ውስጥ ያለውን ዳት ፋይል ነው የምትገለብጡት። ምስሉ 352 በ288 ስለሆነ ትልቅ ቲቪ ላይ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ጄሊፊን ላይ ስታስገቡት ፎልደሩን «ሆም ቪዲዮ» በሚለው ዓይነት ክፈቱት፣ ከውጭ ፖስተር ልፈልግ አይልም።

የእህቴን ሠርግ እንዲህ አውጥቼ ሳሎን ስከፍተው እናቴ ከቡናው ተነስታ ቲቪው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ጥግ ላይ ቀኑ በቢጫ ቁጥር ይታያል፣ ድንኳኑ፣ አጃቢው፣ እስክስታው። «ቆይ፣ ቆይ፣ አቁመውማ ልጄ» አለች። አቆምኩት። ከሙሽሮቹ ጀርባ ነጠላ ተከናንባ የምታጨበጭብ ሴት አለች፣ ፊቷ ግማሹ ነው የሚታየው። «እናቴ እኮ ናት» አለች። አያቴ ናት። ፎቶዋ አለን፣ ስትንቀሳቀስ ግን ከዚያ ሌላ የትም የለችም። እናቴ አሁን ስልኳ ላይ አፑን ራሷ ከፍታ ታያታለች።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ፋይል አንድ ዲስክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ የምለው። ፊልም ቢጠፋ ይተካል። የቤተሰቡን ቪዲዮ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ሌላ ቤት፣ ወንድም ወይም እህት ዘንድ አስቀምጡ።

ቅሬታዬን ልዘርዝር። ጄሊፊን የተሠራው ሴቲንግ መነካካት ለማይሰለቸው ሰው ነው፤ ሜኑው ብዙ ነው፣ ሲበላሽም የሚደወልለት ሰው የለም። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ አንዳንዴ የቀድሞውን ዳታቤዝ ይቀይራል፣ ስለዚህ አፕዴት ከማድረግ በፊት የዳታውን ፎልደር መገልበጥ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ጭነት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ መስመሩ ደህና በሆነበት ቀን ፖስተሩን ሁሉ አስጨርሱት። ከቤት ውጭ ለማየት ብላችሁ ደግሞ የራውተሩን ፖርት (መግቢያ በር) ለዓለም አትክፈቱ፤ አዲስ አበባ ያለ ወንድማችሁ ማየት ከፈለገ ቴልስኬል የመሰለ የግል መስመር ይሻላል፣ የቤታችሁ የአፕሎድ ፍጥነት ከቻለ።

ጋሼ በመጨረሻ የጠየቁኝ «በወር ስንት ይከፈልበታል?» ነበር። «ለማንም አይከፈልም፣ መብራቱን ብቻ ነው» አልኳቸው። ላፕቶፕ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ከ10 እስከ 15 ዋት ቢወስድ ነው፤ ቀንና ሌሊት ቢበራ በወር ወደ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ብቻዎን አንድ ቲቪ ላይ የሚያዩ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግዎትም አልኳቸው፤ ዲስኩን ቲቪው ጀርባ ላይ መሰካት በቂ ነው። «ልጆቹ ለገና ሲመጡስ?» አሉ። እሱን እንግዲህ አብረን እንጭናለን።